ከ«አጠብኩት» ወደ «አጠብነው»

ሥራዬ ጸሐፊነት ነው። በዞኑ አንድ መምሪያ ውስጥ የኃላፊው በር ላይ ተቀምጬ ደብዳቤ የምተይብ፣ ማኅተም የማስመታ፣ ባለጉዳይ ሲመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምል ጸሐፊ ነኝ። ሌላውን ጸሐፊነት፣ የራስን አውጥቶ መጻፉን፣ የጀመርኩት አባቴ መርሳት ሲጀምር ነው።

አባቴ ሶዶ ውስጥ የታወቀ ሰባኪ ነበር። ከገሱባ እስከ ሁምቦ ቆላ በእግሩ ዞሮ ያስተማረ፣ ያጋባ፣ የቀበረ፣ ባልና ሚስት ያስታረቀ ሰው ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ነን። አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። እናታችን ስትሞት እሷ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ፀጉሯን እየሠራሁ፣ ደብተሯን እያየሁ፣ ሲከፋት እያባበልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ካደገች በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠና የምነግራት እኔ ሆንኩ። ቢሮ ያናደደኝን፣ ሊያገባኝ ጠይቆ የቀረውን ሰው፣ የታመምኩትን፣ ሁሉን ለእሷ ነበር የምናገረው።

የአባቴ ነገር የታወቀኝ በአንድ እሁድ ነው። ስብከቱን ጨርሶ፣ ጸልዮ፣ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ እንደገና ከፈተና ያንኑ ስብከት ከመጀመሪያው ጀመረው። ሕዝቡ ነገሩን ሊያጠብቀው የፈለገ መስሎት አሜን አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊጀምር ሲል አንድ ሽማግሌ ወጥተው፣ «ደክሞሃል» ብለው ክንዱን ይዘው አወረዱት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ የገዛ ቤቱ ጠፋበትና አንድ የባጃጅ ሹፌር እየጠየቀ ይዞት መጣ።

በዚያው ቀን ለእህቴ ደወልኩ። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁኝስ?»

«ጉልበቱን ያመዋል በያቸው። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው። አባባ በዚህ እንዲታወስ አልፈልግም።»

ትክክል መሰለኝ። ጉልበቱን ያመዋል አልኩ። ሊጠይቁት ሲመጡ ተኝቷል አልኩ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስገባ አብራው የምትውል ጎረቤት ነበረችን፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ከሁምቦ ወጥታ እዚህ የተቀመጠች ሴት ናት። እሷንም አደራ አልኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጉልበት ነው» አለችና እስከ መጨረሻው እንዳለችው ጠበቀችው።

የጻፍኩት መጀመሪያ ደብተር ላይ ነበር። ግን አባቴ በዕድሜው ሙሉ የስብከት ማስታወሻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ወረቀት ባየ ቁጥር የራሱ ይመስለዋል። ደብተሬን አግኝቶ ገጾቹን አንድ በአንድ ገነጠለና አጣጥፎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው። ልቀበለው ስሞክር፣ «የእሁዱን ልትወስጂብኝ ነው?» ብሎ አለቀሰ። ተውኩለት። ቤት ውስጥ ወረቀት ላይ መጻፍ እንደማልችል የገባኝ ያኔ ነው።

የመምሪያችን የአይሲቲ ባለሙያ ከወሎ ተመድቦ የመጣ ቁጥብ ወጣት ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አስጠራሁት። ኮምፒውተሬ የተበላሸ መስሎት ቦርሳውን ይዞ መጣ።

«አልተበላሸም። ብሎግ የሚሉትን ነገር መክፈት ፈልጌ ነው» አልኩት።

«ምን ልትጽፊበት?»

«እንዲሁ፣ የቤት ነገር።»

«ማን እንዲያነበው ነው የምትፈልጊው?»

አሰብኩና፣ «የማያውቀኝ ሰው» አልኩት።

ሳቀ። «ሌላው ሰው የሚጠይቀኝ ብዙ አንባቢ እንዴት እንደሚያገኝ ነው።» ወንበር ስቦ ተቀመጠና በቁም ነገር ያስረዳኝ ጀመር። ሁሉም ሰው በሚውልበት በሰማያዊው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከጻፍኩ ነገ ጠዋት የግቢው ጥበቃ ከሰላምታ በፊት ስለ ቤቴ እንደሚጠይቀኝ ነገረኝ። ቻናል ብከፍት ሰው መጥራት አለብኝ፤ የምጠራቸው ደግሞ የማውቃቸውን ነው። የራሴን ድረ ገጽ ማስከፈት ይቻላል፤ ግን በየዓመቱ በውጭ ካርድ ይከፈልበታል፣ የተቋረጠ ቀን የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። የቀረው ነጻው ብሎግ ነው። ዲዛይኑ ያረጀ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ፎቶ ሲጫንበት ይንቀራፈፋል።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱን አሁን ማንም አያነበውም» አለኝ።

«እንግዲያው እሱን ክፈትልኝ።»

የጸሐፊ ስም የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ባዶ ተውኩት። የብሎጉን ስም ግን አስቤበት ነበር፤ «የጉልበት ሕመም» አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀኝም። የይለፍ ቃል ስጽፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ መብራትም ካለ፣ እጽፍ ነበር። ያመጣሁትን ቆሎ እየቆረጠምኩ አንድ አንድ አንቀጽ። ስለ ትልልቅ ነገር አይደለም። አባቴ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛውሮ አድርጎ፣ አይሆንም ስለው ጫማ ሠሪውን ስለመርገሙ። የእናቴን ነጠላ ሲያይ፣ «ባለቤቷ ስትመጣ ስጫት» ስለማለቱ። አንድ ቀን የጻፍኩትን በቃሌ አውቀዋለሁ፦

«ዛሬ አባቴን አጠብኩት። ጀርባውን በሳሙና ሳሸው፣ ‹አንቺ የማን ልጅ ነሽ?› አለኝ። ያንተ ነኝ አልኩት። ‹የእኔማ ልጆች ገና ትንንሾች ናቸው› አለና፣ የሰው ልጅ አደከምኩ ብሎ አዘነልኝ።»

ይህን ጽፌ ስጨርስ የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሆዴ ቀለል አለ እንጂ አላለቀስኩም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከሥሩ አንዲት ሴት፣ «የእኔም እናት እንዲሁ ናት። እባክሽ አታቁሚ» ብላ ጻፈች። የት እንደምትኖር አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በጻፍኩ ቁጥር አንድ ቃል ሳትተው አታልፍም ነበር። አንዲት አንባቢ ማለት ለእኔ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር።

ለእህቴ ስለ ብሎጉ አልነገርኳትም ነበር። ከእሷ ደብቄ የያዝኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። የነገርኳት አባቴ መታጠቢያ ቤት ተንሸራቶ ከወደቀ በኋላ ነው። አጥንቱ ደህና ነበር፤ ግን ብቻዬን ሳነሳው እኔም ወገቤን ጎዳሁ። ስደውልላት እንደ ሁልጊዜው፣ «አይዞሽ፣ ለበዓሉ እመጣለሁ» አለችኝ። ይህን ስትል ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ብትመጪ፣ አንድ ሳምንት እንኳ ብታሳርፊኝ ማለት ምላሴ ላይ ይመጣል፣ አይወጣም። ታላቅ ነኝ። ስለዚህ የብሎጉን ሊንክ ላክሁላትና፣ «ብቻሽን አንብቢው» ብዬ ጻፍኩላት።

በማግስቱ መለሰችልኝ፦ «አነበብኩት። አለቀስኩ።» ሌላ ነገር የለም። ትመጣለች ብዬ አንሶላ አጥቤ አልጋዋን አነጠፍኩ።

ሁለት እሁድ አለፈ። በሦስተኛው ጎረቤቴን አባቴ ዘንድ ትቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መዝሙር ካለቀ በኋላ የአባቴ የቆየ የአገልግሎት ጓደኛ የነበሩት ሽማግሌ መድረክ ላይ ወጡ። መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ከፊታቸው ራቅ አድርገው ያዙና፣ «አዲስ አበባ ያለችው እህታችን የጻፈችውን ላንብብላችሁ። ልባችሁን አዘጋጁ» አሉ። ማንበብ ጀመሩ።

«ዛሬ አባታችንን አጠብነው። ጀርባውን በሳሙና ስናሸው፣ ‹እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?› አለን...»

መጀመሪያ ያሰብኩት ተያዝኩ ብዬ ነው። ብሎጉ ተገኝቷል፣ አሁን ስሜን ይጠራሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቀጥሎ ነው ቃሉ የገባኝ። አጠብነው። ስናሸው። አለን። «ኩ» የነበረውን ሁሉ «ን» አድርጋዋለች። ሌላ ምንም አልነካችም። ነጠላውም አለ፣ ጫማ ሠሪውም አለ። ሰው ያለቅስ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እጄን ጨመቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ያለች ልጅ ለሁላችንም ይስጠን» አለችኝ። ስለ እኔ አልነበረም።

ስንወጣ ሽማግሌው በር ላይ ጠበቁኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የከፋቸው ይመስላሉ።

«ልጄ፣ ጉልበቱን ነው አልሽን።»

«አዎ፣ አባ።»

«ከእሱ ጋር ስንት አገር በእግር ዞሬያለሁ። እኔ ባዕድ ነኝ? በሩ ላይ መጥቼ ተኝቷል ብለሽ መለስሽኝ። እህትሽ ትመስገን፣ ከሩቅ ሆና እውነቱን ነገረችን።»

ጉልበት በይ ያለችኝ እሷ ናት ማለት ነበረብኝ። ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። «ይቅርታ» ብቻ ነው ያልኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ወደ ቤታችን መጡ፤ ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ መዘምራን፣ ግቢው ሞላ። አባቴ ማንንም አላወቀም፤ ግን መዝሙር ሲጀምሩ በወላይትኛ አንዱንም ስንኝ ሳይስት አብሯቸው ዘመረ። ፊቱ በርቶ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ወር ከዚህ ነው የከለከልነው። መልካም ሆነ፣ አልክድም። መልካም መሆኑ ግን ውስጤ የገባውን አላወጣልኝም። እንግዳ አስተናግጄ ስኒ እያጠብኩ፣ ጎረቤቴ ስልኳን አምጥታ የእህቴን ገጽ አሳየችኝ። እኔ እዚያ ሰማያዊ ገጽ ላይ አልተመዘገብኩም ነበር። እህቴ ብዙ ተከታይ አላት፤ ስለ እምነትና ስለ ትዳር ምክር ትጽፋለች። የእኔ ሰባት ጽሑፎች በየተራ ተደርድረዋል። በአንዱ ላይ የአባታችን ፎቶ ሳይቀር አለ፤ በቦዲቲ መንገድ ዳር ኮቱን ለብሶ የቆመበት፣ እሷን ሊሸኝ የሄደ ቀን የተነሳው። ከሥሩ፣ «ምን ዓይነት ልጅ ነሽ!» «አባትሽን ያጠቡ እጆች ይባረኩ!» ይላል። እሷም ለሁሉም አሜን ብላለች።

ደወልኩላት።

«አየሽው?» አለችኝ፤ ድምጿ ደስ ያለው ነበር። «ስንት ሰው እንደሚጸልይለት አየሽ?»

«እኔ የጻፍኩት ነው።»

«አውቃለሁ እኮ። ደብቀሽ ታስቀሪዋለሽ? እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማንም የማያየው ቦታ አስቀምጠሽ!»

«አጠብነው ይላል። መቼ ነው ያጠብሽው?»

«አባታችን አይደል? ያንቺ ብቻ ነው?» አለችኝ።

«አባትነቱን አላልኩሽም። ጽሑፉን ነው።»

«ስምሽን አልጻፍሽበት! ስም የሌለበትን ነገር የማን ነው ልበል? የላክሽልኝ ደግሞ ራስሽ ነሽ።»

«የላክሁልሽ እንድትመጪ ነው።»

በቀስታ፣ «መምጣት አልቻልኩም። ይህን ግን ቻልኩ» አለችና ዘጋችው።

ሰኞ ቢሮ ስገባ በዚያ ሰማያዊ ገጽ ላይ በገዛ ስሜ ተመዘገብኩ። በዕድሜዬ ሙሉ የሸሸሁት ነገር ነበር። የእህቴን ጽሑፍ ፈልጌ ከሥሩ፣ «አባቴን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ» ብዬ አሰፈርኩ። ደብዳቤ ለፊርማ አስገብቼ ስመለስ የለም። ያጠፋሁት መስሎኝ ደግሜ ጻፍኩት። ደግሞ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፦ «ሰው ፊት አታዋርጂኝ። እለምንሻለሁ።»

ፀጉሯን የሠራሁላት ልጅ ናት የለመነችኝ። ሦስተኛ አልጻፍኩም።

በዚያው ሰሞን ብሎጌን ስከፍት፣ ያቺ አንዲት አንባቢዬ ረጅም ነገር ጽፋ አገኘሁ። ይህ ሁሉ ከአንዲት እህት ገጽ ተሰርቆ «እኛ» የሚለው «እኔ» ተደርጎ እንደተለጠፈ፣ በሰው አባት ሕመም መነገድ እንደሚያሳፍር፣ እኔን ማመኗ እንደሚቆጫት። የአይሲቲውን ልጅ ጠራሁት። ያን ቀን ነው ሁሉንም የነገርኩት። አንብቦ ጨረሰና ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በላይ ያለውን ቀን በጣቱ አሳየኝ።

«ያንቺ ከእሷ በወራት ይቀድማል። ይሄን ማንም ማየት ይችላል። በያት።»

ጻፍኩላት፦ «እባክሽ ቀኖቹን ተመልከቺ።»

በማግስቱ መለሰች። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ በጣም አፍሬያለሁ» ትላለች። ቀጥላ፣ «ታዲያ ያቺ ሌባ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱን መጻፍ ጀመርኩ። «እህቴ ናት» የሚለውን ጻፍኩና አጠፋሁት። እህቴ ሌባ መባሏን በሰው ቃል ሳየው፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሴ አፈርኩ። ሳልመልስላት ቀረሁ። እሷም ከዚያ በኋላ ጽፋልኝ አታውቅም።

እህቴ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ መጣች። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ስትቆም አባቴ ከወንበሩ ተነሳና በስሟ ጠራት። እኔን በስሜ ከጠራኝ ዓመት አልፏል። አቀፈችው፣ አለቀሰች፣ አለቀሰ። እኔ የበዓሉን ምግብ፣ ሙቹዋውን፣ ሳማስል ስለነበር እጄ ቅቤ ነበር፤ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ስለ ጽሑፉ እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ዋለ፤ የመጣው ሁሉ እሷን ነበር የሚያመሰግነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሥራ ልገባ ቦርሳዬን ሳነሳ፣ «ውኃው ሞቋል። ዛሬ የመታጠቢያው ቀን ነው፤ አንቺ እጠቢው» አልኳት። ደነገጠች፤ ግን እሺ አለች። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ስመለስ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ረጥቧል። አባቴ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ልብሱን እንደለበሰ ገንዳው አጠገብ ቆሟል፤ ውኃው ቀዝቅዟል።

«አልቻልኩም፣ አላወልቅም አለ» አለችኝ።

«ምን ብሎ?»

«‹በልጄ ፊት አልራቆትም› አለ። ስለምነው ስለምነው፣ ‹ያቺን ሴትዮ ጥሪያት፣ እሷ ታውቅበታለች› አለኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ገላውን ሲሰጠኝ የነበረው ስለማያውቀኝ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። ውኃውን እንደገና አሞቅኩ። ገብቼ፣ «ሴትዮዋ መጣሁ» አልኩት። ቁልፉን ራሱ መፍታት ጀመረ። እህቴ ከበሩ ወዲያ ቆማ ስትነፈርቅ ይሰማኛል። ላባብላት አልወጣሁም።

ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል፣ «ይቅር በይኝ» አለችኝ። የምሯን ነበር። ይቅር ልላት ከልቤ ፈልጌ፣ «በሰላም ግቢ» አልኳት።

ከሳምንት በኋላ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። ፊቷ ጥሩ አልነበረም። እህቴ አዲስ ጽፋለች። በዚህኛው የእኔን ቃል አልወሰደችም፤ የራሷ ነው፣ ያምራልም። ሶዶ ወርዳ አባቷን ልታጥብ እንደሞከረች፣ በልጁ ፊት መራቆት እንዳፈረ ትናገራለች። መጨረሻው ላይ፣ «የምትንከባከበውን ሴት ጥሪያት አለኝ። እግዚአብሔር እነዚያን ሴቶች ይባርካቸው» ይላል።

አንድም ውሸት የለበትም። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት፤ ውሸት ፈልጌ አጣሁበት። ከሥሩ ሰዎች ለሞግዚቷ ምስጋና ጽፈዋል። አንዱ ደመወዝ ጨምሩላት ብሏል።

የአይሲቲው ልጅ ወደ አገሩ ተዛውሯል። ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አሳየኝ፤ ብሎጉ ሳይጠፋ ለሌላ ሰው እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል። «መጀመሪያ ላይ ላሳይሽ የሚገባኝ ይህን ነበር» አለ፤ ጥፋተኛ የሆነ ይመስል። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ የምጽፈውን ከእኔ ሌላ የሚያየው የለም። ለማንም አልጽፍም ማለት ግን አይደለም። ስጽፍ አሁንም ለእህቴ የምነግራት ነው የሚመስለኝ። ልማድ ነው፤ ሃያ ዓመት ለእሷ ስናገር ኖሬያለሁ።

እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስልኩን ለአባቴ እሰጠዋለሁ፤ በስሟ እየጠራ ይስቃል፣ ይባርካታል። ሲጨርስ ይመልስልኛል።

«ደህና ናችሁ?» ትለኛለች።

«ደህና ነን።»

ባለፈው እሁድ ግን ልትዘጋው ስትል፣ «ብሎግሽ ጠፋ። መጻፍ ተውሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ተውኩት። ጊዜም የለኝ» አልኳት።

እህቴን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ቀላል ሆኖ አገኘሁት።